ድህነት፣ «በተፈጥሮው ገዳይ» እና የሞት ፍርድ፦ ስለ ኃይል ወንጀል ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የኃይል ወንጀሎችን መንስኤና ዓይነት ለማስረዳት ተጽፎ በቅርቡ የወጣ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰዎች ሲቀባበሉት አይቻለሁ። ጸሐፊው ስድስት ነገሮችን ይላሉ። የኃይል ወንጀል ሥሩ ድህነት ነው፤ ከዚያ የቀረው በተፈጥሯቸው ለመግደል የተዘጋጁና አእምሯቸው የታወከ ሰዎች ሥራ ነው፤ ወንጀሉ ግድያ፣ ውንብድናና አስገድዶ መድፈር ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ሰላማዊውን ሰው የሚያሰጋው ጨለማ ተገን አድርጎ የሚጠብቀው የማያውቀው ሰው ነው፤ ደም መመለስ የኋላ ቀርነት ቅሪት ስለሆነ ትምህርት ሲስፋፋ ይጠፋል፤ ለሁሉም መፍትሔው ግን ቅጣትን ማክበድ፣ በተለይም የሞት ፍርድን ማስፈጸም ነው። ጸሐፊው የተነሡበት ቅንነት አያጠራጥርም፤ ቋንቋቸውም የጠራ ነው። ችግሩ «ለምን ገደለ?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ መቸኮላቸው ነው። ማን ማንን፣ የት፣ በምን መሣሪያና በምን ጠብ እንደገደለ ሳይለዩ መንስኤ ስለሚቆጥሩ፣ የሚሰጡት መልስ ለሁሉም ወንጀል ይሆናል፤ ለአንዱም ግን በልኩ አይሆንም።

ከድህነት ልጀምር። ይህ እምነት በቁጥር የተፈተነው ዛሬ ወይም ትናንት አይደለም። ፈረንሳይ በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. የፍርድ ቤት አኃዞችን በየዓመቱ ማሳተም ስትጀምር፣ አንድሬ ሚሼል ጌሪ የተባለ የሕግ ባለሙያ ቁጥሮቹን በካርታ ላይ አስፍሮ በ1833 እ.ኤ.አ. አወጣ። የተገኘው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። በንብረት ላይ የሚፈጸመው ወንጀል የሚበዛው በሀብታሙ ሰሜን ሲሆን፣ በሰው አካልና ሕይወት ላይ የሚፈጸመው ደግሞ ወደ ደቡብ ያደላ ነበር። ቤልጅጋዊው አዶልፍ ኬትሌም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ነገር ተመልክቶ፣ እንደ ክሬዝ ያሉ ከሁሉ ድሃ ከሚባሉት አውራጃዎች አንዳንዶቹ ወንጀል እጅግ የሚያንስባቸው መሆናቸውን ጽፏል። እሱ ያሳሰበው ድህነቱ ራሱ አልነበረም፤ ይልቁንም ሰው ከተመቸ ኑሮ በድንገት ወደ ችግር መውደቁና በአንድ ስፍራ በሚኖሩ ሰዎች መካከል ያለው የኑሮ ርቀት ነበር።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ኤል ሳልቫዶርን እንውሰድ። በነፍስ ወከፍ ገቢ ከኢትዮጵያ በብዙ እጥፍ የምትበልጠው ይህች አገር በ2015 እ.ኤ.አ. ከ100,000 ነዋሪ ከ100 በላይ የሚሆነው በግድያ የሚሞትባት ነበረች፤ የዓለም አማካይ በዚያ ዘመን 6 ገደማ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 18 ገደማ ወርዷል። በስድስት ዓመት ውስጥ የአገሪቱ ድሆች አልበለጸጉም። የተለወጠው በወሮበላ ቡድኖች መካከል የነበረው ውጊያ፣ ቡድኖቹ ከመንግሥት ጋር የነበራቸው ግንኙነትና የጸጥታ ኃይሉ አሰላለፍ ነው። ድህነት ብቻውን መንስኤ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መውጣትና መውረድ ሊገለጽ አይችልም ነበር።

ይህን ስል ድህነት ከወንጀል ጋር ግንኙነት የለውም ማለቴ አይደለም። ድህነት በአንድ ሰፈር ሲከማች፣ ነዋሪው ሳይረጋጋ ሲፈልስና ጎረቤት ጎረቤቱን ሳያውቅ ሲቀር የኃይል ወንጀል ይበዛል። የኅብረተሰብ ተመራማሪዎቹ ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ ማኬይ በአሜሪካዋ ቺካጎ ያሳዩት ነገር አለ፦ በመሐል ከተማ ዙሪያ በነበሩት ያረጁ ሰፈሮች የሚኖረው ሕዝብ በየትውልዱ ሲለዋወጥ፣ አንዱ ስደተኛ ወጥቶ ሌላው ሲገባ፣ የወጣት ጥፋተኞች ብዛት ግን በዚያው በሰፈሩ ላይ ይቀር ነበር። በዚያችው ከተማ በ343 የሰፈር ክፍሎች ከ8,000 በላይ ነዋሪዎችን ጠይቆ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮበርት ሳምፕሰንና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ነገሩን ወደ ፊት ገፋው። ነዋሪዎች እርስ በርስ የሚተማመኑበትና የሌላ ሰው ልጅ ሲያጠፋ «ተው» ለማለት የማያፍሩበት ሰፈር፣ የድህነቱ መጠን ከግምት ከገባ በኋላም ቢሆን የኃይል ወንጀሉ ያነሰ ነበር። በእኛ አገር ዕድርና ዕቁብ ያለበት፣ እናቶች በር ላይ ቁጭ ብለው የመንገዱን ልጅ ሁሉ በስሙ የሚጠሩበት ድሃ ሰፈር ለምን ሰላም እንደሚያድር ለመረዳት ይህ ከጸሐፊው ማብራሪያ ይሻላል።

ስለ «ተፈጥሯዊው ገዳይ» የምለው አጭር ነው፤ ጉዳዩ ከመቶ ዓመት በፊት በአብዛኛው ያለቀ ስለሆነ። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 እ.ኤ.አ. ወንጀለኛ በራስ ቅሉ፣ በመንጋጋውና በጆሮው ቅርጽ የሚለይ፣ ወደ ጥንተ ሰው የተመለሰ ፍጥረት ነው ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው የእስር ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ 3,000 ያህል እስረኞችን ለክቶ፣ ከወታደሮችና ከተማሪዎች ጭምር አነጻጽሮ በ1913 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ግን እንዲህ ያለ የተለየ አካላዊ ዓይነት እንደሌለ አሳየ። ዛሬ ስለ ዘር ውርስ የሚደረገው ጥናትም ጸሐፊው እንዳሉት አይደለም። በኒውዚላንድ ዱኒዲን የተወለዱ ልጆችን ለዓመታት ሲከታተል የኖረ ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ ማኦኤ የሚባለው ዘረ መል አንዱ ዓይነት በልጅነታቸው የተበደሉትን ለጠብ አጫሪነት ይበልጥ እንደሚያጋልጥ ነው፤ ያለ በደሉ ዘረ መሉ ብቻውን ያን ያህል አላደረገም። የአእምሮ ሕመምን በተመለከተ ደግሞ፣ በአሜሪካ ሦስት ከተሞች ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማንን ተከታትሎ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት፣ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ የማይጠቀሙት ሕሙማን በሰፈራቸው ካሉ ሌሎች ዕፅና መጠጥ የማይጠቀሙ ሰዎች የበለጠ ጥቃት እንደማይፈጽሙ አሳይቷል። የታመመን ሰው ሁሉ እንደ አደጋ እያየ በሰንሰለት ሲያስር ለኖረ ኅብረተሰብ፣ በዚህ ነጥብ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር።

ጸሐፊው ስለ ተፈጥሮ መናገር ከፈለጉ የማይካዱ ሁለት ነገሮች በእጃቸው ነበሩ፤ ፆታና ዕድሜ። በዓለም ዙሪያ በግድያ ከሚጠረጠሩት ከ90 በመቶ በላይ ወንዶች ናቸው፤ ጥፋቱም ከጉርምስና መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ባለው ዕድሜ ላይ ይከማቻል። ስለ መንስኤ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ይህ አንድ ጊዜም አለመጠቀሱ ያስገርማል።

ወደ ዓይነቶቹ ስመጣ፣ የጸሐፊው ክፍፍል ከሕግ መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ ያውም ሳይሟላ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግድያን ራሱን በአንድ መደብ አያስቀምጥም። አንቀጽ 539 አስቀድሞ ታስቦበት ወይም ጨካኝነትን፣ ነውረኛነትን ወይም አደገኛነትን በሚያሳይ ሁኔታ የተፈጸመውን ከባድ የግፍ አገዳደል ይይዛል፤ ቅጣቱም የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ነው። አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 541 ደግሞ ከሕጋዊ መከላከል ወሰን ያለፈውን፣ ወይም ከባድ ትንኮሳ ደርሶበት በደም ፍላት የገደለውን ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ያልፈዋል። ከሞት መለስ ያሉትም በአንቀጽ 555 ከባድ፣ በ556 ቀላል የአካል ጉዳት፣ በ560 የእጅ እልፊት (ጉዳት ያላስከተለ መምታትና መግፋት) ተብለው ተለይተዋል። አካል ማጉደል ለምን ከሦስቱ ዓይነቶች ውጭ እንደቀረ አልገባኝም፤ በየፍርድ ቤቱ በብዛት የሚታየው የኃይል ወንጀል እሱ ነው።

ከዚህም በላይ የሕግ መደብና የወንጀል ጥናት መደብ ሥራቸው ይለያያል። ሁለት አዋሳኝ ገበሬዎች ክረምት ሲገባ በማረሻ ድንበር ይጣላሉ እንበል። አንዱ «ወሰኑን ገፋህ» ይላል፤ ሌላው ይሳደባል፤ ዱላ ይነሣና አንድ ምት ራስ ላይ ያርፋል። የተመታው ሰው በቃሬዛ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ከሞተ ፋይሉ የግድያ ይሆናል። መንገዱ ቀርቦ፣ አምቡላንስ ተገኝቶ፣ ደሙ ቆሞለት ከዳነና የመግደል ሐሳብ መኖሩ ካልተረጋገጠ ደግሞ የአካል ጉዳት ይሆናል። ጠቡ፣ ዱላውና ሰውየው አልተለወጡም፤ የተለወጠው ከሕክምና ያለው ርቀት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይህንኑ በአገር ደረጃ አሳይቷል። ከ1960 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጥቃት ከተጎዱት መካከል የሚሞቱት ድርሻ በጣም የቀነሰው በከፊል በሕክምናው መሻሻል ነበር። ስለዚህ «ግድያ ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ብሎ መንስኤ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው፣ የሚለካው ጠብን ይሁን የሆስፒታልን ቅርበት ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል።

ለመንስኤ ፍለጋ የሚጠቅመው ክፍፍል ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ግድያን በሰዎች መካከል ካለ ግንኙነት የሚነሣ፣ ከሌላ ወንጀል ጋር የተያያዘ፣ እንዲሁም ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ዓላማ ያለው ብሎ ይከፍለዋል። ሚስቱን የሚገድል ባል፣ ገንዘብ ሊቀማ ጩቤ የሚመዝ ሌባ፣ በብሔሩ ምክንያት ጎረቤቱን የሚያፈናቅልና የሚገድል ቡድን በአንድ መደብ ውስጥ ተቀምጠው «ድሃ ስለሆኑ» ቢባል፣ ከሦስቱ የአንዱም ነገር አይገለጥም። የመጨረሻው ዓይነት ባለፉት ዓመታት በአገራችን የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ እየታወቀ ከጽሑፉ ጭራሽ መቅረቱን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

አራተኛው ነጥብ ሰፋ አድርጌ ልመልስለት የሚገባኝ ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነውና። የማያውቁት ሰው ያስፈራል፤ ይህ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ማርቪን ዎልፍጋንግ በፊላደልፊያ ከ1948 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. የተገደሉትን 588 ሰዎች ፋይል አንድ በአንድ መርምሮ ሲጽፍ፣ ገዳይና ሟች ፈጽሞ የማይተዋወቁባቸው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀሩት ውስጥ ወዳጅ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ዘመድ፣ ባልና ሚስት ነበሩ። ከሩብ በሚበልጡት ጉዳዮች መጀመሪያ ኃይል የተጠቀመው ሟቹ ራሱ ነበር፤ ከሦስት ጉዳዮች በሁለቱ ገደማ ከገዳይና ከሟች ቢያንስ አንዱ ጠጥቶ ነበር። ዴቪድ ላከንቢል የተባለ ሌላ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ የተፈጸሙ 70 ግድያዎችን ደረጃ በደረጃ ተከታትሎ በ1977 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሂደትም ይህን ያጎላዋል። አንዱ ሌላውን የሚያዋርድ ነገር ይናገራል ወይም ያደርጋል፤ ሌላው እንደ ንቀት ይወስደዋል፤ «ተናገር እስቲ» ይላል፤ የቆመው ሰው ይመለከታል፤ ወደ ኋላ መመለስ እንደ መሸነፍ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ እጅ ላይ የተገኘው ነገር መሣሪያ ይሆናል። አረቄ ቤት ወይም ጠላ ቤት ደጃፍ ጠብ ሲነሣ ያየ ሰው ይህን ለማመን የውጭ ጥናት አያስፈልገውም። ከመንስኤዎቹ መካከል መጠጥ፣ በአቅራቢያ ያለ መሣሪያና የተመልካች መኖር ሊቆጠሩ ይገባል ማለት ነው፤ ሦስቱም ከድህነት ይልቅ በቀላሉ ሊነኩ የሚችሉ ናቸው።

ለሴቶች ደግሞ የጸሐፊው ካርታ ፈጽሞ የተገለበጠ ነው። ከዚሁ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት በወጣው ግምት መሠረት በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ሆን ተብሎ ከተገደሉት 87,000 ገደማ ሴቶች 50,000 ያህሉ የሞቱት በባላቸው፣ በፍቅር ጓደኛቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል እጅ ነው። በጠቅላላው ከአምስት የግድያ ሰለባዎች አራቱ ወንዶች ናቸው፤ ቤት ውስጥ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባል ያላቸው ወይም የነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በዘመናቸው ከባላቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም አግብተው ከሚያውቁት ሴቶች 34 በመቶው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ከባላቸው እንደቀመሱ መዝግቧል። ሴት ልጅን «በምሽት አትውጪ» ብሎ መምከር ጥሩ ነው፤ ግን ከበሩ ውስጥ ላለው ነገር ምንም አይሠራም።

እዚህ ላይ ሕግ ራሱ ለረጅም ዘመን ከማን ጋር እንደቆመ ማንሣት አግባብ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባ ከቅጣት የሚያድንበት መንገድ ነበረው። ልጅቱ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ወይም ከገበያ ስትመለስ በጉልበት ትወሰዳለች፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ጋብቻው ይጸናል፤ ወንጀሉ ይሰረዛል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን በር ዘጋ፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻ መከተሉም ከተጠያቂነት አያድንም። ጠላፊው ብዙ ጊዜ የመንደሩ ልጅ ነው፤ የልጅቱ ቤተሰብ ያውቀዋል፤ ዘመዶቹም አብረውት ይመጣሉ። ይህን ወንጀል በጸሐፊው «የማያውቀው ሰው» ውስጥ የት ልናገባው ነው?

ከአምስተኛው በፊት ስድስተኛውን አያለሁ። ቅጣት ይክበድ፣ የሞት ፍርድ ይፈጸም የሚለው ሐሳብ ለተጎጂ ቤተሰብ ሐዘን ምላሽ ሆኖ ሲቀርብ ይገባኛል፤ ወንጀልን ይቀንሳል ተብሎ ሲቀርብ ግን ማስረጃ ይጠየቃል። ጣሊያናዊው የሕግ ፈላስፋ ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. ሰውን ከወንጀል የሚያግደው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ ሞት ቅጣት የተሠሩትን የአሥርት ዓመታት ጥናቶች መርምሮ፣ ቅጣቱ ግድያን መጨመሩንም ሆነ መቀነሱን አያሳዩም፣ ለፖሊሲ መሠረት መሆን የለባቸውም ብሎ ደምድሟል። በኢትዮጵያ የሞት ቅጣት በሕግ አለ፤ ለመጨረሻ ጊዜ መፈጸሙ የሚታወቀው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በማረሻ ድንበር ላይ ዱላ ያነሣው ሰው አንቀጽ 539ንና 540ን አመዛዝኖ አልመታም። አመዛዝኖ የሚመታው፣ አስቀድሞ ያቀደው ገዳይ ደግሞ የሚጠይቀው «ስንት ዓመት ይፈረድብኛል?» ብሎ አይደለም፤ «ማን ይመሰክርብኛል?» ብሎ ነው። ያ ጥያቄ በቀጥታ ወደ ደም መመለስ ያደርሰናል።

ጸሐፊው ደም መመለስን ያልተማሩ ሰዎች ልማድ አድርገው አልፈውታል። እኔ በተቃራኒው፣ ከሁሉም የኃይል ወንጀሎች ሕግና ሥርዓት በብዛት ያለው እሱ ነው እላለሁ። አንድ ሰው በተገደለ ጊዜ የገዳዩ ወገን ከብቱን ነድቶ፣ ቤቱን ዘግቶ ይሸሻል፤ የሟች ወገን ደም የመመለስ ዕዳ አለበት ይባላል፤ ዒላማው የግድ ገዳዩ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ ከዘመዶቹ ለሟቹ ይመጥናል የተባለው ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ሊመረጥ ይችላል። ደሙን ያልመለሰ ወንድም በሰርግና በለቅሶ ቀና ብሎ መቀመጥ ያቅተዋል። ይህ ሥርዓት የሚጸናው መንግሥት በሩቅ በሚሆንበት፣ ወይም በቅርብ ሆኖ ፍርዱ በማይታመንበት ስፍራ ነው። ማቆሚያውም የራሱ ነው፦ በአማራ ገጠር ደም አድራቂ ሽማግሌዎች፣ በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች፣ በኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚባለው የደም ካሳና የዕርቅ ሥርዓት። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። ትምህርት ቤት መከፈቱ ብቻ ይህን አያጠፋውም፤ የተማረ ወንድምም «ደሜን» ሊል ይችላል፤ ዓለማዊ ዕውቀቱ የዘመዶቹን ዓይን አይከለክልለትም።

ችግሩ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት ቦታ የሰጠው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ በወንጀል ጉዳይ አይደለም። ሰው መግደል በግል አቤቱታ የሚቀርብ ወንጀል ስላልሆነ ዕርቅ ቢወርድም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። ዕርቁ ከክሱ ከቀደመ፣ የምስክሮች ቃል በፖሊስ ጣቢያ አንድ፣ በችሎት ሌላ ይሆናል፤ «ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ወድቆ አገኘሁት፤ የመታውን አላየሁም» የሚለው መልስ ይበዛል። ይህ ሁልጊዜ ፍርሃት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የመሐላ ጉዳይ ነው፤ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም ይህን ዓይነቱን ዝምታ ሊፈታ የተሠራ አይደለም። ፍርዱ ከዕርቁ ከቀደመ ደግሞ ሰውየው 12 ወይም 15 ዓመቱን ጨርሶ ሲወጣ ደሙ አልደረቀም፤ በመንግሥት ዘንድ ዕዳውን ከፍሏል፤ በሟች ልጅ ዘንድ ግን ገና አልጀመረም። ልጁ አባቱ ሲሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ሃያ አንድ ሆኗል፤ ሊመልስ የሚጠበቅበት ዕድሜ ላይ ነው።

ስለዚህ ማረሚያ ቤት ታራሚውን የሚፈታበትን ቀን ለወረዳው አስቀድሞ ቢያሳውቅ፣ ሽማግሌዎች ከመፈታቱ በፊት ባለው ዓመት ከሁለቱም ወገን ጋር ቢቀመጡ፣ ዕርቁ ፍርዱን የሚተካ ሳይሆን የሚከተል ሆኖ ቢደራጅ፣ ምስክሩም «መሰከርክ ማለት መሐላ አፈረስክ» ከመባል ቢድን፣ የሞት ፍርድ ከሚያስፈራው በላይ ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል። ይህ በጀትም አዲስ አዋጅም ብዙ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዐቃቤ ሕጉና ሽማግሌው አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ እንቅፋት ማየታቸውን እንዲተዉ ነው።